ኅዳጉ ላይ የተጨመረው

ፊላደልፊያ፣ እሑድ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1787

ለልጄ ለሲላስ፤

ሰላምታው ይቆይና መጀመሪያ ይህን አንብብ። ባለፈው ወር የላክሁልህን ደብዳቤ እንዳታምነው። «ዝይዎቹ ሲመጡ ተነሥተህ ና» ያልኩህን እንዳላልኩህ ቁጠረው። ወደ እኔ አትምጣ። ጓዝህን ጠቅልለህ ከሆነ ፍታው፤ ለማንም ነግረህ ከሆነ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ በል። ይህ ደብዳቤ እዚያው ቼስተር ወንዝ ላይ፣ መርከብ ማደሻው ውስጥ፣ እጅህ በሬንጅ እንደ ተለወሰ ካገኘህ የቀረውን ቀስ ብለህ ታነበዋለህ። ካላገኘህ ግን ምን እንደሚሆን መጻፍ አልችልም፤ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።

አሁን እንደምን ሰነበትክ? ደረትህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ውሸት ይሆንብኛል። ከረቡዕ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም ማለት ይቻላል። የቤቱ ምግብ አብሳይ ሳቢና በየሰዓቱ የበቆሎ ገንፎ ይዛ ትመጣና ከራሴ በላይ ትቆማለች። «ካልበላሽ አንሶላውን ማን ሊጨምቅልሽ ነው? እኔ እንደሆንኩ አልነካውም» ትላለች። እሷ ስትሄድ ገንፎውን ለማረፊያ ቤቱ ባለቤት ለሚስዝ ትሪምብል ድመት እሰጠዋለሁ። ድመቷ ወፍራለች።

የምጽፍልህ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ሆኜ ነው። ሚስዝ ትሪምብልና የቀሩት እንግዶቿ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ እሑድ ስለሆነ እሳት አይነድም፣ የልብስ መቀቀያው ድስት ቀዝቅዟል። ዝይዎቹ ግን ከጠዋት ጀምሮ በራሴ ላይ እየጮኹ ወደ ደቡብ፣ ወደ አንተ ይበራሉ። አሥር ዓመት ሙሉ ስወዳቸው የኖርኩ ወፎች ናቸው፤ ዛሬ አንድ በአንድ በድንጋይ ባወርዳቸው ደስ ይለኛል።

ስህተቱን እንዴት እንደሠራሁት ልንገርህና ከዚያ ፍረድብኝ።

በዚህ በጋ ከየግዛቱ የተላኩ ሰዎች እዚህ ከተማ ተሰብስበው እንደ ከረሙ ያን ጊዜም ጽፌልሃለሁ። ከእንግሊዝ ንጉሥ ከተላቀቁ ወዲህ አሥራ ሦስቱ ግዛቶች እንደ ተጣላ ቤተ ሰብ ሆነው፣ ሁሉም የራሱን ገንዘብ ሲያትም፣ ሁሉም የጎረቤቱን ዕቃ ሲቀርጥ፣ የጋራ የሚባለውን መንግሥት ማንም ሳይሰማው ቆየ። አሮጌውን ውል እናድሳለን ብለው መጡ፤ ከገቡ በኋላ አሮጌውን ትተው ሌላ መጻፍ ጀመሩ። በሩን ዘጉ፣ መስኮቱን አልከፍት አሉ፣ ደጃፉ ላይ ዘበኛ አቆሙ። የሠረገላ ድምፅ እንዳይረብሻቸው መንገዱ ላይ አፈር ተደፋላቸው። አንዲት ቃል ወደ ውጭ እንዳትወጣ ተስማምተው በዚያ ሙቀት እዚያ ውስጥ ሲቀቀሉ ከረሙ።

ምስጢሩን ያልጠበቀላቸው ሸሚዛቸው ብቻ ነበር። አራቱ የሚያድሩት ሚስዝ ትሪምብል ዘንድ ስለሆነ የአራቱንም የማጥበው እኔ ነኝ። ሰላም የዋሉ ቀን ወዙ አንገትጌው ላይ ብቻ ነው። ሲጨቃጨቁ የዋሉ ቀን ጀርባው ሁሉ ጨው ሠርቶ፣ ድርቅ ብሎ ይመጣል። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ለሳቢና «እነዚህ ሰዎች ሊበተኑ ነው» አልኳት።

«ከሸሚዝ ነው እንዴ ትንቢት የተማርሽው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሸሚዛቸው ጀርባ ጨው የሌለበት፣ ንጹሕ ሆኖ መጣ። «ታረቁ» አልኳት። ታርቀው ነበር።

ከአራቱ አንዱ ከሰሜን የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍልህም፤ ጠዋት ማታ ስለሚያስላቸው እኔና ሳቢና «ሳለኛው» ነው የምንላቸው። መልካም ሰው ናቸው። ስታልፍ እንደምን አደርሽ የሚሉ፣ አንድ ቀን ባልዲዬን ከእጄ ተቀብለው እስከ በሩ ያደረሱልኝ ሰው ናቸው። ይህን የምነግርህ ኋላ የሚመጣው እንዲገባህ ነው።

ኦገስት ሁለተኛው ሳምንት ላይ የሳለኛውን ሰደርያ ልቦርሽ ኪሱን ስፈትሽ ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀት ወጣ። በማተሚያ የታተመ፣ ትልልቅ ሰባት ገጽ። ከላይ «እኛ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምርና የግዛቶቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በዚያ ዝግ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ነገር እጄ ላይ ነበረ። ማንበብ አልነበረብኝም። ከገንዳው ጀርባ ተቀምጬ፣ አንድ ዓይኔን በሩ ላይ አድርጌ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሲላስ፣ ደስ የሚል ነገር ነበረበት፤ ዛሬም አልክደውም። ሕግ የሚያወጣው አንዱ፣ የሚያስፈጽመው ሌላው፣ የሚፈርደው ደግሞ ሌላ ነው። አንዱ ሲባልግ ሌላው ልጓሙን እንዲይዝ። ንጉሥ የለም፣ የመሳፍንት ማዕረግ ለማንም አይሰጥም። ሥልጣኑ የሚመጣው ከሕዝብ ነው፤ የተሾመውም ቢያጠፋ ተከሶ ይወርዳል። የጻፉት ሰዎች ማንንም የማያምኑ፣ ራሳቸውንም ጭምር የማያምኑ መሆናቸው ገባኝና ወደድኳቸው። እኔ ያደግኩበት ቤት ጌታው ሁሌም ራሱን ያምን ነበር።

ከዚያ እኛን ፈለግሁ። ጥቁር የሚል ቃል ፈለግሁ፣ የለም። ባሪያ የሚል ፈለግሁ፣ የለም። አንድ ቦታ የሕዝብ ቁጥር ሲወሰን «ሌሎች ሰዎች» ከአምስት ሦስት ሆነው ይቆጠራሉ ይላል። ሌሎቹ ሰዎች እነማን እንደሆንን መቼም አይጠፋኝም። ለሳቢና ስነግራት ወገቧን ይዛ «እኔ ብቻዬን ሦስት እሆናለሁ፤ የሚጎድሉትን ሁለቱን ከአንቺ ይቀንሱ» አለች። ሳቅን። ያን ቀን ሁሉም ነገር ያስቀኝ ነበር።

ሸሽቶ ስለሚሄድ ሰው የሚናገር አንቀጽም ነበረበት። እሱ ጋ ስደርስ ጣቴን አቆምኩ። ግን የሚለው ወንጀል ሠርቶ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሸሸ ይመለስ ነው። አንተ ምን ወንጀል አለብህ? ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ስለ እኛ አንድም ነገር የለበትም። እዚህ ፊላደልፊያ ሕጉ ለሸሸ ሰው ከለላ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ቦስተን ግን ፍርድ ቤቱ እዚያ አገር ባሪያ የሚባል ሰው የለም ብሏል። እዚያ የደረሰን ሰው ጌታህ ሃርግሬቭ ከሜሪላንድ ድረስ መጥቶ ልጎትት ቢል ሰሚ አያገኝም ብዬ አሰብኩ። «ና፣ ከዚህ አብረን ወደ ቦስተን እንሂድ፤ አዲሱን ሕግ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ መንገዱን አልዘጋውም» ብዬ የጻፍኩልህ በዚህ ምክንያት ነው። ደብዳቤውን ለቲተስ ሰጠሁት። እንደምታውቀው የቲተስ ጀልባ ዱቄት ይዞ ይወርዳል፣ ዓሣ ይዞ ይመለሳል፤ የኛን ነገር የሚያደርሰውም እሱ ብቻ ነው።

አሁን ቂልነቴን ስማ። ያ ወረቀት ጽሑፉ የታተመው በገጹ አንድ ጎን ላይ ነበር። ሌላው ጎን ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው፤ የእጄን መዳፍ የሚያህል ሰፊ ኅዳግ። ወረቀት እንዲህ በተወደደበት ዘመን፣ እኔ ላንተ ስጽፍ ፊደሎቼን አንገት ለአንገት እያነቅኩ፣ እነዚህ ግማሹን ገጽ ባዶ ይተዉታል። «አቤት ብክነት» አልኩና አጥፌ ኪሱ ውስጥ መለስኩት። ያ ባዶ ቦታ ለምን እንደ ተተወ ራሴን አልጠየቅሁም። የታተመ ነገር ያለቀ ነገር ይመስለኝ ነበር።

በኦገስት መጨረሻ የሳለኛው ቀኝ እጅጌ ቀለም በቀለም ሆኖ መጣ። እስከዚያ ድረስ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። በኮምጣጣ ወተትና በጨው አሽቼ አስለቀቅኩት። እየዘመርኩ ነበር የማሸው።

ሕገ መንግሥቱ ባለፈው ሰኞ ተፈረመ፣ ረቡዕ ጠዋት ጋዜጣ ላይ ወጣ። ጋዜጣ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማየው የጠፉ ሰዎችን ማስታወቂያ ነው። «ጠፍቷል፤ ቁመቱ ይህን ያህል፣ ለያዘው ወሮታ ይከፈላል» የሚለውን። ያንተ ስም እንዳይወጣ። ሌላም ስም እንዳይወጣ። ረቡዕ ዕለት አንድም ማስታወቂያ አልነበረም። አራቱንም ገጽ የያዘው አዲሱ ሕግ ነው። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ማንም ያልጠፋበት ጋዜጣ ያን ቀን አየሁ ብዬ ደስ አለኝ።

አሁን አጀማመሩ «እኛ የዩናይትድ ስቴትስ ሕዝብ» ሆኗል፤ የግዛቶቹ ዝርዝር ወጥቶ። አሳመሩት አልኩ። እጄን ጠርጌ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ታሪኩን እንደሚያውቅ ሰው ተዝናንቼ አነበብኩ። አራተኛው አንቀጽ ጋ ደረስኩ። ወንጀለኛ ይመለስ ከሚለው ቀጥሎ ኦገስት ላይ ያልነበረ ነገር ገብቷል። በአንድ ግዛት ሕግ መሠረት አገልግሎት ወይም ሥራ ያለበት ሰው ወደ ሌላ ግዛት ቢያመልጥ፣ እዚያ ባለ በየትኛውም ሕግ ወይም ደንብ ምክንያት ከአገልግሎቱ ነፃ አይወጣም፤ ባለ መብቱ ሲጠይቅ ተላልፎ ይሰጠዋል ይላል። እንዳልረሳው ብዬ አምስት ጊዜ አነበብኩት፤ አሁን ልርሳህ ብለው እምቢ ይለኛል።

በየትኛውም ሕግ ማለት ቦስተንንም ይጨምራል። ከጆርጂያ እስከ ኒው ሃምፕሻየር አንተን የሚያስጥል ዳኛ አይኖርም። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ጽፌ ና ብዬሃለሁ።

ሳቢና ስትገባ መሬት ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። የተጻፈውን አነበብኩላት። አጠገቤ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

«ገና አልጸናም» አለች። «ዘጠኝ ግዛት መቀበል አለበት ብለሽኝ የለም? እዚህ ቤት ሦስት ሰው ለእራት ምን ይሠራ ሲባል አይስማማም። ዘጠኝ ግዛት ተስማምቶ ልታዪ ነው?»

«የሰኞውን ሸሚዝ አላየሽም» አልኳት። «ሲፈርሙ የዋሉበትን። ጠብታ ላብ አልነበረበትም። ይቀበሉታል።»

«እንግዲያው ልጁን አስቀሪው።»

«ዝይዎቹ ሲመጡ ነው ያልኩት።»

ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። እላያችን ላይ እየጮኹ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ለሳለኛው የታጠበ ልብሳቸውን አስገባሁላቸው። ሌሎቹ ሄደዋል፤ እሳቸው ሳሉ ስለ ጠናባቸው ነው የቆዩት። ሻንጣቸውን እየሸከፉ ነበር። እዚህ ቤት የምጠራበት ስም ሄስተር እንደሆነ ታውቃለህ።

«ሄስተር፣ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ በዚህ በጋ ሸትተን እንሞት ነበር» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ጋዜጣውን አየሁት።»

«ታነቢያለሽ?» ከልባቸው ደስ አላቸው። «እንዴት አገኘሽው?»

«ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። አራተኛው ላይ አገልግሎት ያለበት ሰው የሚለው ማንን ነው?»

ሳል ያዛቸው። የእውነት ይሁን የውሸት አሁንም አላወቅኩም።

«ውል ያላቸውን ሎሌዎች» አሉ። «የእጅ ሥራ የሚማሩ ልጆች፣ ከጌታቸው ሲጠፉ።»

«እነሱን ብቻ?»

አልጋው ላይ ተቀመጡ። «ያለዚያ ደቡቦቹ አይፈርሙም ነበር፣ ሄስተር። አሥራ ሦስታችን በአንድ ጣሪያ ሥር ካልገባን እንግሊዝም ስፔንም አንድ በአንድ ይለቅመናል። መጀመሪያ ጣሪያው ይቁም፣ ቤቱን ኋላ እናጸዳዋለን አልን።»

«ኋላ ማለት መቼ ነው፣ ጌታዬ?»

«ቃሉን እንኳ አላስገባንም። ልብ በይ፤ ባሪያ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ነገሩ የቀረ ቀን ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል።»

«ወረቀቱ ንጹሕ በመሆኑ ደስ ይበለኝ?»

«እኔን ደስ ያለኝ ይመስልሻል? ኅዳጉ ላይ ስጽፈው ቀለሙን እጅጌዬ ላይ ደፍቼዋለሁ።»

«የትኛው ኅዳግ ላይ?» አልኩ።

«ረቂቁ ላይ ነዋ። አንዱ ጎን ባዶ ሆኖ የሚታተመው ለዚህ ነው፤ የሚጨመረውንና የሚሰረዘውን በየዕለቱ እንድንጽፍበት።»

እንግዲህ ያ ነው፣ ልጄ። እኔ ብክነት ብዬ የሳቅኩበት ነጭ ቦታ ላንተ የተተወ ቦታ ነበር። ያንን ቀለም ከእጅጌያቸው ላይ እየዘመርኩ ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌውን ልጠላቸው ሞከርኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሞከርኩ። አርብ ሲሄዱ ከሠረገላው ላይ ሆነው ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። የሚያስለቅሰኝ ይሄ ነው። ክፉ ሰው ቢጽፈው ኖሮ ምናለ።

አትሳሳት፣ ወረቀቱ ላይ በጥፍሬ የምቧጥጠው ትንሽ ተስፋ አላጣሁም። አምስተኛው አንቀጽ ይህ ሕግ ስህተት ቢገኝበት የሚታረምበትን መንገድ ይናገራል። ከሕግ አውጪዎቹ ከሦስት ሁለቱ እጅ ጠይቆ፣ ከአራት ሦስቱ ግዛት ሲስማማ። ተሳስተን ሊሆን ይችላል ብለው ራሳቸው በር ትተዋል። አንድ ቀን አንድ ሰው በዚያ በር ይገባ ይሆናል። አንተ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነው። ከአራት ሦስቱ ግዛት እስኪስማማ ተቀምጠህ ጠብቅ ልልህ አልችልም።

ስለዚህ ሌላ ነገር አስቤአለሁ፤ በደንብ ያዘው። ከኖቫ ስኮሺያ የመጣ ባለ ሁለት ምሰሶ መርከብ ኦክቶበር ስድስት ቼስተርታውን ስንዴ ይጭናል። ካፒቴኑ ሎው ይባላል። መርከቡ ያረጀና ውሃ የሚያስገባ ስለሆነ በጉዞ ላይ ስንጥቁን በቃጫና በሬንጅ የሚደፍንለት ሰው እየፈለገ ነው። ቲተስ አነጋግሮታል። ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይደለም ይላል። ቲተስ በጀልባው ወንዙ አፍ ድረስ ያደርስሃል፣ እዚያ ትሳፈራለህ። መድረሻህ ሃሊፋክስ ነው፤ የእንግሊዝ አገር። ከጦርነቱ በኋላ ወደዚያ የተሻገሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። እውነቱን ሁሉ ልንገርህ፤ መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ክረምቱ ምሕረት የለውም፣ እዚያም ቢሆን ባሪያ የሚገዛ ሰው አልጠፋም ይላሉ። ግን ያ የሕግ ወረቀት እዚያ አይደርስም።

መርከቡ ከመሄዱ በፊት ዱቄት ሊጭን እዚህ ይቆማል፤ ኦክቶበር አሥርና አሥራ አንድ። እኛ ወደብ ላይ፣ ከማጠቢያው ቤት ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ። ሲላስ፣ ከመርከቡ እንዳትወርድ። በሩን እንዳታንኳኳ፤ ብታንኳኳ አልከፍትልህም፣ ይህን እምልልሃለሁ። ከወደቡ ቀና ስትል ዳገቱ ላይ የልብስ ማስጫዬ ገመድ ይታይሃል። ያን ቀን የሰውን ልብስ ሁሉ አውርጄ ሰማያዊ ቀሚሴን ብቻዋን አሰጣታለሁ። ከሥሯ የቆመችው ሴት እኔ ነኝ። ሥራህን እየሠራህ አንድ ጊዜ ቀና በልና እየኝ። እጅህን አታንሣ። መርከቡ ላይ ካሉት ወንዶች አንተ የትኛው እንደሆንክ አላውቅ ይሆናል፤ የተውኩህ በዘጠኝ ዓመትህ ነው። ሁሉንም አያቸዋለሁ።

ስለ ተውኩህ ቀን ሁለታችንም ጽፈን አናውቅም። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ መርከቦች ወደ ላይ ሲወጡ፣ የእርሻው ሰው ሁሉ ነፃነት ፍለጋ ወደነሱ ሲሮጥ፣ አንተ በትኩሳት ትነድ ነበር። ልሸከምህ ሞከርኩ። እስከ ትምባሆ ማድረቂያው ተሸከምኩህ። ከዚያ ለአክስትህ ሰጠሁህና በሳምንት እመለሳለሁ አልኩህ። ያ ሳምንት አሥር ዓመት ሆነው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ፊት ለፊት ነበር ልልህ ያሰብኩት፣ ቦስተን ላይ፣ የራሳችን ቤት ውስጥ።

ለምን አብረሽኝ አትሄጂም እንደምትል አውቃለሁ። ካፒቴኑ የሚወስደው አንድ ሠራተኛ ነው። እግሬም ያብጣል። ሚስዝ ትሪምብልም ያለ እኔ አንሶላ አይነጣላትም። ሦስት ምክንያት ሰጥቼሃለሁ፣ የወደድከውን ውሰድ።

ይህን ልተወው ነበር፤ ግን እንደማትጠይቀኝ ስለማውቅ እነግርሃለሁ። አርብ ዕለት ውሃ መቅጃው ጋ አንድ ሰው መጣ። አዲስ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ጨዋ አነጋገር ያለው።

«እናቴ፣ ከቼስተር ወንዝ የመጣች ኬዛያ የምትባል አጣቢ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ግራ አንጓዋ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አላት።»

እጅጌዬን እስከ ጣቴ ጎተትኩና «ኬዛያ የምትባል አላውቅም። እኔ ሄስተር እባላለሁ» አልኩት።

«ወንድ ልጅም አላት ይላሉ።»

«የማላውቃት ሴት ልጅ ይኑራት አይኑራት በምን አውቄ?»

ሳቀ። አዲሱ ሕግ ሲጸና እንዲህ በየውሃው ዳር መለማመጥ እንደሚቀርለት አጫወተኝ። ኒው ዮርክ ጉዳይ አለው፤ ሲመለስ፣ ኦክቶበር አሥር ገደማ፣ እንደገና እዚህ ያልፋል። ወደቡንም አያለሁ አለ፣ መርከቦቹንም።

አንተ በዚህ አትጨነቅ። ያን ቀን ከመጣ ወደ ወደቡ ሳይወርድ አነጋግረዋለሁ። ወሬ ከጀመርኩ ማቆሚያ እንደሌለኝ ታውቃለህ። ያቺን የምትላትን ሴት አሁን አስታወስኳት እለው ይሆናል። እጅጌዬንም ልሰበስብ እችላለሁ። መርከቡ እስኪነሣ ድረስ የሚበቃ ወሬ አላጣም። አንተ ግን በሁለተኛው ቀን ቀና ስትል ገመዱ ባዶ ሆኖ ካገኘኸው፣ ቀሚሷ ደርቃ ገባች በልና ሥራህን ሥራ። አትውረድ። ስለ እኔ ብለህ እንዳትወርድ።

ይህ ወረቀት በቀኝ በኩል ነጭ ሆኖ ታየዋለህ። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። አንብበህ ስትጨርስ ያንን ጠርዝ በጥንቃቄ ቀድደህ ለቲተስ ስጠው፣ ሌላውን አቃጥለው። ምንም አትጻፍበት፣ ስምህንም ቢሆን። ባዶው ቁራጭ እጄ ከገባ ደብዳቤው ከዝይዎቹ ቀድሞ ደርሶልሃል ማለት ነው። ቲተስ ነገ ጠዋት ይወርዳል። እስኪመለስ ድረስ እንዴት እንደምውል ሳቢና ትንገርህ፤ እኔ ስለሱ መጻፍ አልፈልግም።

ባሕሩ ይራራልህ። ብርዱ አጥንትህን አይንካው። የምታድርበት ቤት ሰዎች ስምህን በደግ ይጥሩት። ሚስት ብታገባ እጇ ሳሙና የሚያውቅ ይሁን። ልጅ ብትወልድ፣ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ እቅፍህ ውስጥ ይቆይ፤ ማንም ሳይጠራህ፣ የትም ሳትሮጥ።

እስከ ዛሬ በላክሁልህ ደብዳቤ ሁሉ ስም ሳልጽፍ ነው ያሸግኩት። አሁን ግን መደበቄ ለማንኛችንም የሚጠቅም አልመሰለኝም።

እናትህ፣
ኬዛያ